ቤሻርዋ ምንጯን ደፍና ሄደች

ድልድዩን ጦርነት በልቶታል፤ ስለዚህ ሽሞኒ ወንዙን የተሻገረችው በተነፉ የፍየል ቆዳዎች ላይ በተረበረበ እንጨት ተቀምጣ ነው። በረዶ የሚቀልጥበት ወቅት ነበር። ውሃው ጭቃ መስሎ፣ ግንድ እያንከባለለ፣ እያጓራ ይወርዳል። ከፊቷ ሐምኮ የሚባለው ኩርድ እግሩን አንፈራጦ ቆሞ በረጅም ዘንግ ወንዙን ይታገላል። በቅሎዋ ጆሮዋንና አፍንጫዋን ብቻ አውጥታ በገመድ እየተጎተተች ትዋኛለች። ከሽሞኒ ኋላ የወንድሟ ልጅ ዮናን ገመድ ጨብጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ማርያምን ይጣራል። ዮናን ሜዳው ላይ ካለው ከተማ ታክሲ ይነዳል፤ ትልቅ ሰው ነው፣ ሆዱም ትልቅ ነው።

«ቀስ ብለህ ጸልይ» አለችው ሽሞኒ። «እመቤታችን ደንቆሮ አይደለችም።»

«አክስቴ፣ እኔ እኮ መዋኘት አልችልም።»

«ማን ዋኝ አለህ? ተቀመጥ ነው የተባልከው።»

ይህን ብላ ሳትጨርስ አንድ ግንድ መጥቶ ጎናቸውን መታቸው። ከቆዳዎቹ አንዱ ተቀደደና እስትንፋሱ ይወጣ ጀመር፤ እንጨቱ በዮናን በኩል ሰመጠ። ሽሞኒ ዮናንን በእግሯ ገፍታ ወደ ወዲያኛው ጫፍ ጣለችው፣ በሆዷ ተኛች፣ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ውሃ ውስጥ ከታ ቀዳዳውን በመዳፏ ጨመቀችው። ውሃው እጇን እንደ ቢላ ይበላታል፤ አልለቀቀችም። ሐምኮ ዘንጉን እየተከለና እየነቀለ፣ ተንፏቀው ማዶ አሸዋው ላይ ወጡ።

«እጅዎን ያሳዩኝ፣ እትዬ» አለ ሐምኮ።

«እጄ ደህና ነው። የአንተን ቆዳ ስፋ፤ ሚስትህ ምን ስትሠራ ነው እንዲህ አድርጋ የሰፋችው?»

ሐምኮ ሳቀ። ከሳቅ ጋር ከተለያየ የቆየ ሰው ነው፤ ሽሞኒ ስትሰድበው ግን ይስቃል።

ሽሞኒ የቤሻርዋ ሰው ናት። ቤሻርዋን አላውቃትም የሚል ሰው አይፈረድበትም፤ የለችማ። በተራራው ወገብ ላይ የተቀመጠች የአሦራውያን ክርስቲያኖች መንደር ነበረች። ከበታቿ ካኒ ሽን፣ ከሸንተረሩ ወዲያ ግሬ ሐሶ የሚባሉ የኩርዶች መንደሮች አሏት፤ እነሱ ዛሬም አሉ። ሽሞኒ ገና ጎልማሳ ሳለች ወታደሮች መጡ። ቤቱን በፈንጂ አፈረሱት፣ ፍርስራሹን በመኪና ደፈጠጡት፣ ሰውን እንደ ገለባ ሜዳ ላይ በተኑት። አሁን እነዚያ ወታደሮች ሄደዋል። አዲሶቹ ሹማምንት ደግሞ ቤሻርዋ የሚባል መንደር አናውቅም፣ ጎረቤቶቿ ነበረች ብለው ከማሉ ግን መሬቱ ለሰዎቹ ይመለስ ብለዋል።

ስለዚህ ነገሩ ሁሉ በካኒ ሽን ሽማግሌዎች አፍ ላይ ተንጠለጠለ። እነሱም ሐምኮን ላኩት። ሐምኮ ከተማ ወርዶ ሽሞኒን ፈልጎ አገኛትና እንዲህ አላት፦ «የቤሻርዋ ምንጭ ለእኛም የሚወርደው ውሃ ነበር። ፈንጂው ከቀበረው ወዲህ ደርቀናል። አፉ የት እንደነበር ያሳዩን፣ እኛ ቆፍረን እናውጣው፤ ከዚያ በመጽሐፋችን እንምልላችኋለን።»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚመረው። ምንጩን የቀበረው ፈንጂ አይደለም።

በዚያ ተራራ ጠላት ሲመጣ ምንጭ ይደፈናል። ሱፍ በቅጥራን ተለውሶ አፉ ውስጥ ይጠቀጠቃል፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይጫንበታል፣ አፈር ይለብሳል። ውሃው ተራራው ሆድ ውስጥ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ጠላት ውሃ አጥቶ ይሄዳል፤ ባለቤቱ ተመልሶ ይከፍተዋል። ይህ ለጎረቤት አይነገርም፣ ጎረቤት ተገርፎ ይናገራልና። ሽሞኒና ባሏ ኦዲሾ ወታደሮቹ ገደሉን ሲወጡ እያዩ ምንጩን በእጃቸው ደፈኑት፤ ለአጨዳ እንመለሳለን ብለው። ካኒ ሽን ከታች እንዳለች፣ ከዚያው ውሃ እንደምትጠጣ ማንም አላነሳም። ያሰበም ካለ ዝም ብሏል።

አልተመለሱም። ኦዲሾም ሜዳ ላይ ሞተ።

ሐምኮ ስለዚያ ዓመት ክረምት ነግሯታል፤ እንደ ዋዛ፣ ዳቦዋን እየበላ። ካኒ ሽን ከኩሬ ጠጣች። ሕፃናት በተቅማጥ አለቁ። የእሱም ሁለት ሴት ልጆች። «ወታደሮቹን እግዜር ይይላቸው» አለ። ሽሞኒ የያዘችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠችው።

እንግዲህ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ምንጩ ጋ ቀድማ መድረስ፣ ሱፉን ብቻዋን ነቅላ መጣል፣ ውሃውን ማውጣት። ሐምኮ ሱፉን ካየ መሐላ የለም፤ መሐላ ከሌለ ቤሻርዋ የለችም።

ሸለቆው በፈንጂ የተዘራ ስለሆነ በላይኛው መንገድ ወጡ። መንገድ ማለት ልማድ ሆኖብን ነው እንጂ ፍየሎች ተራራው ላይ የተዉት ጠባሳ ነው፤ በቀኝ ገደል፣ በግራ ገደል። ሐምኮ በቅሎዋን ከፊት አስቀደመና ፈንጂ የለም የሚል ምልክት የሆነውን የድንጋይ ክምር ካላየ በቀር እግሩን አያነሳም ነበር።

«ለምን እሷን ታስቀድማለህ?» አለ ዮናን።

«ከእኔ ትሻላለች።»

«ፈንጂ ብትረግጥስ?»

«እንግዲያው ሻንጣህን አንተ ትሸከማለህ።»

ከተራራው አንገት ላይ ሲደርሱ ሰማዩ ጠቆረ። መጀመሪያ ነፋስ መጣ፣ ከዚያ የዶሮ እንቁላል የሚያክል በረዶ። ፊታቸውን ይደበድበው ጀመር። በቅሎዋ ጮኸችና ወደ ኋላ ተንደረደረች፤ ሐምኮ በልጓሙ ተንጠለጠለባት። ዮናን ራሱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ሲዞር ጠጠሩ ከእግሩ ሥር ሸሸ፤ ተንሸራተተ፣ ግማሽ አካሉ ገደሉ ላይ ተሰቀለ። ሽሞኒ በደረቷ ወድቃ ቀበቶውን ያዘችው። በረዶው ጀርባዋን ይወግራታል፤ የዮናን ክብደት ይጎትታታል፤ የባሉጥ ዛፍ ሥር በእግሯ ቆልፋ ቀረች።

«እግርህን ትከል» አለችው።

«የት ልትከል?»

«እኔ ምን አውቄ፣ እግሩ የአንተ ነው።»

ጫማው አንድ ስንጥቅ አገኘ። ጎትታ አወጣችው፤ ሁለቱም ተቃቅፈው ድንጋይ ሥር ተወሸቁ። በረዶው ሲያባራ ፊቷ ደም ነበር። በሻሿ ጫፍ ጠረገችውና ተነሳች።

«እንመለስ፣ አክስቴ» አለ ዮናን። «ከተማ ቤት አለሽ። መብራት አለሽ። እዚህ ምን አለሽ?»

«እዚያ የሚጠሩኝ ምን ብለው ነው? ስደተኛዋ አሮጊት። እዚህ ሽሞኒ ነኝ። ተነስ።»

ከአንገቱ ወዲያ ሲወርዱ መስኩ አረንጓዴ ነበር፤ በላዩ የበግ መንጋ ተበትኗል። በጎቹን ያየ ውሾቹን ማሰብ አለበት። ሦስት ሆነው ከአለት ጀርባ ብቅ አሉ፤ ጆሯቸው ከሥሩ የተቆረጠ፣ አንገታቸው ላይ የብረት እሾህ የታሰረላቸው፣ ተኩላ የሚገድሉ ውሾች ናቸው። ሳይጮኹ መጡ። የሚጮኽ ውሻ ይሻላል።

«ተቀመጡ» አለ ሐምኮና መሬት ላይ ዘጭ አለ።

ሽሞኒም ተቀመጠች፣ እጇን ጭኗ ላይ አደረገች፣ መሬት መሬቱን አየች። እዚያ አገር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ የተቀመጠ ሰው ላይ የበግ ውሻ አይዘልም። ዮናን ግን የታክሲ ሰው ነው፤ ሮጠ። ትልቁ ውሻ ሽሞኒን በአፍንጫው ገፍቶ አልፎ ሄደና ዮናንን ቋንጃው ላይ ያዘው። ሰውየው ጮኸ። ሽሞኒ ሳትነሳ፣ በቂጧ እየተንፏቀቀች ደረሰች፤ የውሻውን የብረት ማሰሪያ በመሐረብ ጠቅልላ ያዘችና ጆሮው በነበረበት ቀዳዳ ውስጥ ነፋችበት። ውሻው ደንግጦ ለቀቀ፣ ራሱን አራገፈ፣ አያት።

«ጎበዝ» አለችው። «ሰው ነው፣ በግ አይደለም። መመሳሰሉ አይካድም።»

በፉጨት የተጠሩት ውሾች ዞሩ። ጠብመንጃ የያዙ ሰዎች ቁልቁል ይመጣሉ። ሐምኮ ፊቱ ዐመድ ሆነ። «የጨቶ ሰዎች ናቸው» አለ።

ጨቶ የግሬ ሐሶ አለቃ ነው። ካኒ ሽን ከደረቀች ወዲህ ከእሱ ምንጭ ነው የምትቀዳው፤ በውሃው ፋንታ ግጦሿን ወሰደ፣ የባሉጥ ጫካዋን ወሰደ። የቤሻርዋን እርሻ ደግሞ ማንንም ሳይጠይቅ ያርሰዋል። ውሃው ከተመለሰ ይህ ሁሉ ከእጁ ይወጣል። ለምን እንደመጡም ሰምቷል፤ ተራራ ላይ ወሬ ከበቅሎ ይፈጥናል።

ጥቁር ድንኳኑ ፊት አቆሟቸው። ጨቶ ወፍራም፣ ጢሙ የተቀባ ሰው ነው።

«የት ነው መንገዱ?» አለ።

«ወደ ቤቴ» አለች ሽሞኒ።

«ቤት አላየሁም። አንቺ ቤት አይተሻል?»

«አንተ በበግ በረትህ ግድግዳ ላይ ታየዋለህ። የቤተ ክርስቲያናችን ድንጋይ ነው። መስቀሉን ወደ ውስጥ አዙራችሁ ብትገነቡትም አውቀዋለሁ።»

ሰዎቹ ተያዩ። ጨቶ አልሳቀም። «ዛሬውኑ ተመለሱ። የታችኛው መንገድ ይሻላችኋል።»

የታችኛው መንገድ ፈንጂ ነው። ሁሉም ያውቃል። ሐምኮ እጁን ወደ ሽጉጡ ሰደደ፤ ወዲያው ጠብመንጃዎቹ ሁሉ ቀጭ ቀጭ አሉ።

ሽሞኒ ሻሿን ፈትታ በመሃላቸው ጣለችው። በዚያ አገር ሴት ሻሿን በጠበኞች መሃል ከጣለች ወንድ ሁሉ መሣሪያውን ያወርዳል፤ ሻሹን የረገጠ ወንድ ሴት ልጅ የሚድርለት አያገኝም። የጨቶ ሰዎች አፈሙዛቸውን ዝቅ አደረጉ። ጨቶ ግን መጣና ጫማውን በሻሹ ላይ አሳረፈ።

«የክርስቲያን ጨርቅ ነው» አለ። «አይቆጠርም።»

ከድንኳኑ አንዲት ጎባጣ አሮጊት ወጣች፤ የጨቶ እናት ዘልፎ። የራሷን ሻሽ ፈታች፤ ሳሳ ያለው ነጭ ጸጉሯ ለወንዱ ሁሉ ታየ። ሻሹን በልጇ እግር ላይ ጣለችው።

«ይኸኛውስ?» አለች።

ጨቶ እግሩን አነሳ። ጆሮው ሳይቀር ቀልቶ ወደ በጎቹ ሄደ።

ሁለቱ አሮጊቶች ተያዩ። በልጅነታቸው አብረው እንጨት ለቅመዋል፤ ሽሞኒ በዘልፎ ሠርግ ዘፍናለች።

«አርጅተሻል» አለች ዘልፎ።

«አንቺ ደግሞ ትላንት የተወለድሽ ነው የሚመስለው።»

«ምላስሽ አልሞተም ማለት ነው።» ዘልፎ ጎንበስ ብላ ሁለቱን ሻሾች አነሳች፣ የሽሞኒን አራግፋ ሰጠቻት፣ ድምጿንም ዝቅ አደረገች። «ፈንጂ ምንጭ አያደርቅም። ሴት ነኝ፣ አውቃለሁ። የእኔም አባት በሌላ ጦርነት ደፍኗል።»

ሽሞኒ ሐምኮ እንዳይሰማ ጠጋ አለቻት። «ካወቅሽ ለምን አልነገርሻቸውም?»

«ልጄ በውሃ ጌታ ሆነ። እናት ነኝ። የምበላው እሱ ያመጣውን ነው።» ዘልፎ ሻሿን አሰረች። «የካኒ ሽን ሴቶች ማሰሮ ይዘው ደጄ ላይ ሲጠብቁ ማየት ሰለቸኝ። ሂጂ። ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ።»

ቤሻርዋ ከሰዓት በኋላ ደረሱ። ሽሞኒ እንባ ይመጣል ብላ ነበር፤ የሚለቀስበት ነገር አልነበረም። ሳማ እስከ ደረት በቅሏል። አንድ በለስ ከፍርስራሽ ውስጥ ጠማማ ሆኖ ወጥቷል። ድንጋዩን ለቅመውታል፤ የግሬ ሐሶም፣ የካኒ ሽንም። ሐምኮ አንገቱን ደፋ። «የእኔም በረት ከዚሁ ነው» አለ። «የተጣለ መስሎን።»

«መልካም ድንጋይ ነው፣ አይፈርስም» አለች ሽሞኒ፤ ሌላ አላለችም። መውቀስ የማትችልበት ቀን እንደመጣባት አወቀች፤ እሱ ነው ያቃጠላት።

የምንጩን ቦታ በዓይኗ አላገኘችውም። መሬቱ ተገልብጧል። በእግሯ ነው ያገኘችው፤ ጫማዋን አውልቃ በረዶው ቀድሞ የቀለጠበትን፣ አፈሩ ከሥር የሚሞቀውን ፈለገች። አንድ ቀጭን የአኻያ ቡቃያ አጠገብ ቆመች።

«ሐምኮ፣ በቅሎዋን ይዘህ ወዲያ ውረድ። መጸለይ እፈልጋለሁ። ባዕድ ወንድ እንዲያይ አልወድም።»

ሐምኮ ጨዋ ነው፤ ወረደ። ምስጢሩን የሚያውቁት እሷና ዮናን በቅሎዋ ላይ ጭነው ባመጡት ዶማ ቆፈሩ። ዮናን በተነከሰ እግሩ ቆሞ ጥቂት ቆፈረና ደሙ ሲፈስ ተቀመጠ። ብቻዋን ቀጠለች። ዶማው ጠፍጣፋውን ድንጋይ ሲነካ ድምጹን አወቀችው፤ ኦዲሾ ነበር የጫነው። ጣቷን ከሥሩ ከታ ጎተተች። አልተንቀሳቀሰም። እንጨት አስገብታ ፈነቀለች፤ እንጨቱ ተሰበረ። ጥፍሯ ተነቀለ። መኪናው የጫነበት ፍርስራሽ ከአሮጊት ጉልበት በላይ ነበር።

«እንተወው» አለ ዮናን በሹክሹክታ። «አላገኘነውም እንበለው።»

ሽሞኒ ጆሮዋን ድንጋዩ ላይ አደረገች። ከሥር ውሃው ይንቀሳቀሳል። ያን ጊዜ ሁሉ እዚያው ነበር። ብትተወው ሐምኮ አያውቅም፤ እሷም መንደር አይኖራትም፤ ካኒ ሽንም በጨቶ ደጅ ማሰሮ ይዛ ትኖራለች። ብትጠራው ያያል።

ቆመችና ጠራችው።

ሐምኮ መጥቶ ትከሻውን ሰጠ፤ ድንጋዩ ተገለበጠ። ከሥሩ ጥቁር፣ በቅጥራን የደረቀ ነገር ታየ። ሐምኮ ሥር መስሎት ያዘውና ጎተተው፤ ሲወጣ ረዘመ። የእረኛ ካባ ነበር፤ በውሃ እየተረገጠ ከሱፍ የሚሠራው ዓይነት። ውሃው ከኋላው ቀይ ሆኖ ፈነዳ፣ ጭቃ ተፋ፣ ደረታቸውን መታቸው። ሐምኮ አላየውም። በአውራ ጣቱ የካባውን አንገትጌ ይፍቀዋል። ቅጥራኑ ሲለቅ በቀይ ክር የተሰፋ አንድ ትንሽ ዓይን ብቅ አለ።

«የእናቴ እጅ ነው» አለ። «ለኦዲሾ የሰጠችው። ብርድ እንዳይመታው።»

ሽሞኒ ጭቃውን ከደረቷ ጠረገች።

«ማን ከተተው?»

«እሱ። እኔም ረገጥኩት።»

ውሃው ጠራ። በእግራቸው መሃል እያለፈ ወደ ታች ጀመረ።

«ብትነግሩንስ ኖሮ» አለ ሐምኮ በዝግታ፣ «ለወታደር እንናገር ነበር?»

ውሸት ቀላል ነበር። «ትናገሩ ነበር» አለች። «ተገርፋችሁ። እኔም ብሆን እናገር ነበር።»

«ልጆቼ ሲሞቱ ግን ወታደር አልነበረም። ሄዶ ነበር። አንድ ሰው ልትልኩልን ትችሉ ነበር።»

ያቺ ቄስ የሚፈራት፣ ሹም የሚሸሻት ምላስ አፏ ውስጥ እንደ እንጨት ተጋደመች።

ሐምኮ ካባውን ጨምቆ በቅሎዋ ላይ ጫነው።

«ምን ልታደርገው ነው?» አለ ዮናን።

«ለሽማግሌዎቹ አሳያቸዋለሁ። እንምላለን፤ ቃል ነው። ምንጭ የሚደፍን መንገደኛ የለም፣ እዚሁ ቤት ያለው ሰው ነው። ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት አመጣለሁ?» ልጓሙን ያዘ፣ ወደ ሽሞኒም ሳያይ ተናገረ። «መንደርሽ ይመለስልሻል። እኔን ግን መንገድ ላይ ብታገኚኝ ሰላም እንዳትይኝ።»

እርስዎ ይላት የነበረው ሰው አንቺ አላት። ሽሞኒ ይህንንም ዋጠችው።

ሐምኮ ከሄደ በኋላ ውሃው ሳማው ውስጥ መበተን ጀመረ። አሮጌው ቦይ በድንጋይና በቅጠል ተሞልቷል። ሽሞኒ ዶማዋን አነሳችና ከውሃው ፊት ፊት እየሄደች ጠረገችው፤ ውሃው ተረከዟን እየነካ ይከተላታል። ቁልቁለቱን፣ የባሉጡን ጫካ፣ የፈረሰውን ወፍጮ አልፋ፣ ወገቧ ተቆርጦ፣ እጇ ደም ሆኖ ካኒ ሽን ጠርዝ ደረሰች።

ሴቶቹ ማሰሮ ይዘው ቆመዋል። ሐምኮ ነግሯቸዋል፤ ከፊታቸው ያስታውቃል። የሐምኮ ሚስት ፋትኮ ከመሃላቸው ወጣች፣ ጎንበስ ብላ ቀዳች። ወደ ቤቷ አልሄደችም። ከመንደሩ ዳር ወዳሉት ሁለት ትናንሽ የመቃብር ድንጋዮች ሄደችና ማሰሮውን በአንደኛው ላይ ሁሉንም አፈሰሰችው። ተመለሰች፣ ቀዳች፣ በሌላኛውም አፈሰሰች። ሦስተኛውን ለቤቷ ቀዳች። በሽሞኒ አጠገብ ስታልፍ ቆም አለች።

«ከቦዩ ላይ ዞር በይ» አለቻት። «ውሃውን እያደፈረስሽው ነው።»

ሽሞኒ ዞር አለች።

ስትመለስ ዮናን እግሩን በጨርቅ አስሮ በለሱ ሥር ተቀምጧል። «ማሉ?» አላት።

«ይምላሉ።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?»

«ያንን ድንጋይ አቀብለኝ።»

የቀረውን ለቃቅመው ማገር የሌለው ግድግዳ ጀመሩ፤ እስከ ጉልበት ደረሰ። ዮናን ድንጋይ እያቀበለ ጠየቃት፤ «በሩን ወደ ታች እናውጣው? ሸለቆው ሁሉ ይታያል፣ ካኒ ሽንም ይታያል።»

«ወደ ተራራው» አለች ሽሞኒ።

«እዚያ እኮ ገደል ብቻ ነው ፊት ለፊትሽ።»

«ወደ ተራራው አልኩህ» አለችና ወደ ታች የሚያየውን ጎን ራሷ በድንጋይ ዘጋችው።